የጥንታዊ ግብፅ ቤተ መቅደስ ግዙፍ በሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንታዊ ግብፅ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ፒራሚዶቹ ይሄዳል። ሉክሶርን፣ ኤድፉን ወይም አስዋንን ያየ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፦ በየቤተ መቅደሱ ፊት የተገተሩት መንታ ግንቦች ለምን ተሠሩ? በእነሱ ላይ ይህን ያህል ጉልበት ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? ጎብኚዎች ወደ ውስጥ ለመግባት ሲጣደፉ እነዚህን በሮች ሳያዩአቸው ያልፋሉ፤ ይህ የሚያሳዝን ነው። ምክንያቱ ከዚህ በታች በሚገኙት መልሶች ይታያል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ "ከክ.ል.በ." የሚለው ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለት ነው።

ፓይሎን ምንድን ነው?

በመካከላቸው አንድ በር ያለባቸው፣ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ እየጠበቡ የሚወጡ ሁለት ግንቦች አንድ ላይ ፓይሎን ይባላሉ። ስሙ የግሪክ ነው። ግብፃውያኑ ራሳቸው በኸነት ይሉት ነበር። በግንቦቹ ጠርዝ ላይ እንደ ዘንግ የተድቦለቦለ የድንጋይ ጌጥ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ አናታቸውም ወደ ውጭ በተቆለመመ ክፈፍ ያልቃል። ከበሩ በላይ ባለ ክንፍ የፀሐይ ክብ ይቀረጻል፤ ከሥሩ የሚያልፈውን ሁሉ እንዲጠብቅ።

ይህ አሠራር ጎልቶ የወጣው አዲሱ መንግሥት በሚባለው ዘመን፣ ከ1550 ከክ.ል.በ. ገደማ ጀምሮ ነው። ግሪኮችም ሮማውያንም ግብፅን ከያዙ በኋላ አልተወውም፤ ከ1,500 ዓመት በላይ በመሠረቱ ሳይለወጥ ቆይቷል። በጭቃ ጡብ የተሠሩት አብዛኞቹ ፈርሰው ጠፍተዋል። ዛሬ ቆመው የምናያቸው በድንጋይ የተሠሩት ናቸው።

ለምን ሁለት ግንብ ሆነ? አንድ ትልቅ ግድግዳ አይበቃም ነበር?

ለጥበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ቤተ መቅደሱ የአምላኩ ማደሪያ ከመሆኑም በላይ የዓለም አፈጣጠር በድንጋይ የሚተረክበት ቦታ ነበር፤ ሁለቱ ግንቦችም ፀሐይ በመካከላቸው የምትወጣባቸውን የአድማስ ኮረብታዎች ይወክላሉ። በሂሮግሊፍ፣ ማለትም በግብፃውያን የሥዕል ጽሕፈት፣ አድማስን የሚያመለክተው ምልክት በሁለት ኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች የፀሐይ ክብ ነው። ፓይሎንን ከፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው ያንኑ ምልክት በብዙ ሜትር ቁመት ተሠርቶ ያየዋል። በኤድፉ ቤተ መቅደስ ጽሑፎች ደግሞ ሁለቱ ግንቦች ፀሐይን ወደ ሰማይ የሚያነሱት እህትማማቾቹ እንስት አማልክት ኢሲስና ኔፍቲስ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ፓይሎኖች ወደ ምሥራቅ ይመለከታሉ ማለት አይደለም። የኤድፉ በር ወደ ደቡብ፣ የሉክሶር ወደ ሰሜን፣ በዚያው በሉክሶር ከተማ የሚገኘው የካርናክ ቤተ መቅደስ ዋናው በር ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ወንዝ ያያል። አድማሱ በአብዛኛው በምሳሌነቱ የሚታሰብ ነው። ካርናክ ላይ ግን ምሳሌው ከሰማዩ ጋር ይገጥማል፤ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ የማለዳ ፀሐይ በቤተ መቅደሱ ዋና መስመር ትይዩ ትወጣለች።

ተራው ሕዝብ በዚህ በር ይገባ ነበር?

በአብዛኛው አይገባም ነበር፤ ፓይሎኖችን ለመረዳት ከሁሉ የሚቀድመውም ይህ መልስ ይመስለኛል። የግብፅ ቤተ መቅደስ ምእመናን ተሰብስበው የሚጸልዩበት አዳራሽ አልነበረም። ከበሩ ወደ ውስጥ በተሄደ ቁጥር ጣሪያው ዝቅ፣ ወለሉ ከፍ፣ ብርሃኑም ደብዘዝ ይላል፤ የአምላኩ ምስል ወዳለበት የመጨረሻ ክፍል የሚደርሱት ጥቂት ካህናት ብቻ ነበሩ። ገበሬው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ሸክላ ሠሪው በዓል ሲሆን ቢበዛ የመጀመሪያውን ግቢ ያይ ይሆናል። በቀረው ጊዜ ቤተ መቅደሱ ለእሱ ይህ በር ነበር።

ስለዚህ ውጭ ለቀረው ሰው የሚነገረው ሁሉ በፓይሎኑ ፊት ላይ ተነገረ። ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ከሩቅ፣ በግዙፍ ምስልና በደማቅ ቀለም። ሰዎችም በበኩላቸው በሩን የራሳቸው አደረጉት። በሉክሶር ማዶ በሚገኘው መዲነት ሀቡ፣ በውጭኛው ከፍተኛ በር መተላለፊያ ላይ "ጸሎትን የሚሰማ" የተባለው የፕታህ አምላክ ምስል ተቀርጾ ነበር፤ ወደ ውስጥ መግባት የማይፈቀድለት ሰው ልመናውን እዚያ ያቀርባል። በኋለኞቹ ዘመናት በአንዳንድ ቤተ መቅደሶች በር ላይ ሙግት ይሰማ፣ ፍርድም ይሰጥ ነበር። በካርናክ፣ በሉክሶርና በሌሎችም ቦታዎች የውጭ ግድግዳዎች ላይ በጣት የሚዳሰሱ ጥልቅ ጭረቶች አሉ፤ ሰዎች የተቀደሰውን ድንጋይ ፍቀው ዱቄቱን ለፈውስ ይወስዱ እንደነበር ይታመናል። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ሳያሳዩአቸው ያልፋሉ። እኔ ግን ከነገሥታቱ ምስል ይልቅ እነዚህ ጭረቶች ልቤን ይነኩታል፤ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ሰዎች እጅ ሥራ ናቸውና።

ትልቁ ቀን የኦፔት በዓል ነበር። የካርናክ ዋና አምላክ የአሙን ምስል በጀልባ ቅርጽ በተሠራ ማደሪያ ውስጥ ተሸፍኖ፣ በካህናት ትከሻ ላይ ሆኖ ከካርናክ ወደ ሉክሶር ይጓዛል። ሕዝቡ በመንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል። አምላኩ ከተዘጋው ዓለም ወደ ክፍቱ ዓለም የሚወጣው በዚህ በር ነበር፤ ያን ቀን በሁለቱ ግንቦች መካከል ሲታይ የፀሐይ መውጣት ምሳሌ ሙሉ ይሆናል። ሁለቱን ቤተ መቅደሶች የሚያገናኘው 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የስፊንክስ ጎዳና ከረጅም ዓመታት ቁፋሮ በኋላ በኅዳር 2021 በይፋ ተከፍቷል።

ንጉሡ ጠላቶቹን ፀጉራቸውን ይዞ ሲመታ የሚታየው ለምንድን ነው? የሆነ ነገር ነው ወይስ ወግ?

ሁለቱም ነው፤ ወጉ ግን ያመዝናል። ንጉሡ በአንድ እጁ የጠላቶቹን ፀጉር ጨብጦ በሌላው ዱላ ሲያነሳ የሚያሳየው ምስል በ3100 ከክ.ል.በ. ገደማ በተሠራው በናርመር የድንጋይ ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ ይገኛል። ኤድፉ ላይ ደግሞ ያንኑ ምስል የሚደግመው ከግሪክ ወገን የሆነው የግብፅ ንጉሥ አሥራ ሁለተኛው በጥሊሞስ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስት ሺህ ዓመት አለ። ይህ በጥሊሞስ በጦር ሜዳ ጀግንነት የሚታወቅ ንጉሥ አልነበረም፤ ዙፋኑንም ያቆየው በሮም ድጋፍ ነው። ምስሉ የሚለው "ይህን አደረግሁ" ሳይሆን "የንጉሥ ሥራ ይህ ነው" ነው፦ ሁከትን ከበሩ ውጭ ማስቀረት፣ የተሠራውን ሥርዓት መጠበቅ። ለዚህም ነው የጦርነቱ ምስል ውጭ በበሩ ላይ፣ የመሥዋዕቱና የጸሎቱ ምስል ደግሞ ውስጥ የሚሆነው።

የእውነተኛ ጦርነት ታሪክ የተቀረጸባቸው ፓይሎኖችም አሉ። ከሁሉ የታወቀው በሉክሶር ቤተ መቅደስ በር ላይ ያለው የቃዴስ ጦርነት ነው። ዳግማዊ ራምሴስ በነገሠ በ5ኛው ዓመት፣ በ1274 ከክ.ል.በ. ገደማ፣ ዛሬ ሶርያ በምትባለው ምድር ከኬጢያውያኑ ንጉሥ ከሙዋታሊ ጋር ተዋጋ። ራምሴስ በሐሰተኛ መረጃ ተታልሎ ከሠራዊቱ ከፊሉን ወደ ኋላ ትቶ ቀድሞ ነበርና ጠላት በድንገት ሰፈሩን ሰብሮ ገባ። በግንቡ ላይ በተቀረጸው ትረካ ንጉሡ ብቻውን በሠረገላው ላይ ሆኖ ሺዎችን ይበትናል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ይህን አይመስልም፤ ቃዴስ በኬጢያውያን እጅ ቀረች። ሁለቱ መንግሥታት ከዓመታት በኋላ፣ በ1259 ከክ.ል.በ. ገደማ፣ የሰላም ውል ተዋዋሉ። የግብፁ ቅጂ በካርናክ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የኬጢያውያኑ ደግሞ በቱርክ በኬጢያውያን ዋና ከተማ ፍርስራሽ በሸክላ ጽላት ላይ ተገኝቷል። የጽላቱ ምስለ ቅጂም በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ውስጥ ተሰቅሏል።

ስለዚህ የፓይሎን ጽሑፍ ሲነበብ ከተቃራኒው ወገን መረጃ ጋር ማስተያየት ይገባል። ግድግዳው ንጉሡ ሕዝቡ እንዲያምንለት የፈለገውን ይነግረናል፤ ይህም ራሱን የቻለ ታላቅ የታሪክ መረጃ ነው።

ከፊታቸው ላይ ከላይ እስከ ታች የተቆረጡት ቀጥ ያሉ ቦዮች ምንድን ናቸው?

የሰንደቅ ምሰሶ መትከያዎች ናቸው። ከፓይሎኑ አናት በላይ የሚወጡ ረጃጅም ምሰሶዎች በቦዮቹ ውስጥ ይቆሙና ጫፋቸው ላይ ባለቀለም ጨርቅ ይውለበለባል። እንጨቱ ከሩቅ አገር የሚመጣ የሊባኖስ ዝግባ ነው፤ ግብፅ ያን ያህል ቀጥ ብሎ የሚረዝም ዛፍ አልነበራትምና። የምሰሶዎቹም ጫፍ በከበረ ማዕድን ይለበጥ ነበር። ከቦዮቹ በላይ ግንቡ ላይ የሚታዩት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ምሰሶዎቹን አቅፈው የሚይዙት ማሰሪያዎች የገቡባቸው ናቸው። ኤድፉና ሉክሶር አራት አራት ቦይ ሲኖራቸው በካርናክ የመጀመሪያ ፓይሎን ላይ ስምንት አሉ።

እንጨቱ ጠፍቶ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ግብፃውያን ራሳቸው ሥለውልናል። ሉክሶር የሚሄድ ሰው የራምሴስን ፓይሎን ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው ግቢ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን የሚገኘውን ግድግዳ ይፈልግ። እዚያ የራምሴስ ልጆች ለመሥዋዕት ከደለቡ በሬዎች ጋር በሰልፍ ሲጓዙ ይታያሉ፤ የሚሄዱትም ወደዚያው ፓይሎን ነው። ሐውልቶቹ፣ ኦቤሊስክ የሚባሉት ጫፋቸው የሾለ ረጃጅም ድንጋዮች፣ የሚውለበለቡት ሰንደቆች ሁሉ በቦታቸው አሉ። አንድ ሕንፃ በራሱ ግድግዳ ላይ አዲስ እንደነበረ የሚታይበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በጥንቱ ዓለም ብርቅ ነው።

በበሩ ፊት የሚቆሙት ኦቤሊስኮች ከአክሱም ሐውልቶች ጋር ዝምድና አላቸው?

የሚመሳሰሉት ሁለቱም ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍለው በመቆማቸው ነው፤ ትርጉማቸውና አገልግሎታቸው ይለያያል። የግብፁ ኦቤሊስክ አራት ጎን ያለው፣ ጫፉ እንደ ትንሽ ፒራሚድ የሾለ የፀሐይ አምልኮ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜም በቤተ መቅደስ በር ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ ይቆማል። የአክሱም ሐውልት ግን የመቃብር ምልክት ነው፤ ትልልቆቹ ሐውልቶችም ባለ ብዙ ፎቅ ቤት መስለው በርና መስኮት ተቀርጾባቸዋል። በመካከላቸውም የብዙ መቶ ዓመታት ርቀት አለ።

በሌላ ነገር ግን ዕጣቸው ተገናኝቷል። ከሉክሶር ፓይሎን ፊት ከቆሙት ሁለት ኦቤሊስኮች የምዕራቡ በግብፅ ገዥ በሙሐመድ ዓሊ ለፈረንሳይ ተሰጥቶ በጥቅምት 1836 ፓሪስ ላይ ተተከለ፤ ዛሬም በኮንኮርድ አደባባይ አለ። የምሥራቁ ብቻውን በቦታው ቀርቷል። በ1937 በፋሺስት ጣልያን ተዘርፎ ሮም የቆመው የአክሱም ሐውልት ደግሞ በ2005 ተመልሶ በ2008 ቦታው ላይ ተተክሏል። አንዱ በአገሩ ገዥ የተሰጠ፣ ሌላው በወረራ የተወሰደ በመሆኑ ጉዳዩ አንድ አይደለም፤ ሆኖም ሉክሶር ላይ ያንን ባዶ መሠረት ያየ ኢትዮጵያዊ ስሜቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ማሽን በሌለበት ዘመን እንዴት ተሠሩ?

መልሱ በካርናክ የመጀመሪያ ፓይሎን ጀርባ ላይ በዓይን ይታያል። ይህ ከሁሉ ግዙፉ ፓይሎን 113 ሜትር ያህል ስፋትና 15 ሜትር ያህል ውፍረት አለው። በቀዳማዊ ነክታኔቦ ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክ.ል.በ. እንደተጀመረ ይታመናል፤ ነገር ግን አላለቀም። የደቡቡ ግንብ ከሰሜኑ ይረዝማል፣ የፊቱ ድንጋይ በቅጡ አልተስተካከለም፣ አንድም ምስል አልተቀረጸበትም። ከደቡቡ ግንብ በስተጀርባ፣ በግቢው ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ድንጋይ የጎተቱበት የጭቃ ጡብ መወጣጫ ቅሪት እስከ ዛሬ አለ። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር መወጣጫውም ከፍ ይላል፤ ሥራው ሲያልቅ ከላይ ወደ ታች እየፈረሰ፣ በዚያው ፍጥነት ግድግዳው እየለሰለሰና እየተቀረጸ ይወረዳል። ካርናክ ላይ ያ የመጨረሻው ክፍል ሳይደርስ ሥራው ቆመ፤ ለእኛም የሥራው ምሥጢር ተረፈልን።

አብዛኛው ድንጋይ ከሉክሶር በስተደቡብ ከሚገኘው ከገበል ሲልሲላ የተቆረጠ የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን፣ በዓባይ ላይ በጀልባ ይመጣ ነበር።

ግንቦቹ ውስጣቸው ድፍን ነው?

የኤድፉ ግንቦች ድፍን አይደሉም። ቁመታቸው 36 ሜትር ያህል ሲሆን በውስጣቸው እስከ ጣሪያው የሚያወጣ ደረጃና በየደረጃው ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ ከውጭ የሚታዩት ጠባብ ቀዳዳዎችም ለእነሱ ብርሃን ያስገባሉ።

የካርናክ ፓይሎኖች ነገር ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ለእኔ በዚህ ርዕስ ከሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል። የግብፅ ነገሥታት ግንብ ሲሠሩ ውጩን በተጠረበ ድንጋይ ገንብተው ሆዱን ያገኙትን ይሞሉበት ነበር፤ ያገኙትም ብዙ ጊዜ ከእነሱ በፊት የነበሩ ነገሥታት ሕንፃዎች ፍራሽ ነው። ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክ.ል.በ. ያሠራው ሦስተኛው ፓይሎን እየፈረሰ ስለነበር፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፈረንሳዊው አንሪ ሸቭሪዬ ሆዱን ባዶ ሲያደርግ የቀዳማዊ ሴኑስሬት ነጭ ቤተ ጸሎት ብሎኮች አንድ በአንድ ወጡ። ከፓይሎኑ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው፣ ከነጭ የኖራ ድንጋይ የተሠራ፣ የግብፅ አውራጃዎች ዝርዝር የተጻፈበት ድንቅ ሥራ ነው። ዛሬ በካርናክ የአደባባይ ሙዚየም ውስጥ ተመልሶ ቆሟል። ከዚሁ ፓይሎን የንግሥት ሃትሼፕሱት ቀይ ቤተ ጸሎት ብሎኮችም ወጥተዋል።

የአኬናተን ነገር ደግሞ ይበልጣል። ይህ ንጉሥ የአባቶቹን አማልክት ትቶ አተን የተባለውን የፀሐይ ክብ ብቻ ሲያመልክ፣ በካርናክ ምሥራቅ በፍጥነት ለመሥራት እንዲመቸው አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችለው መጠን በተቆረጡ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ባላቸው ድንጋዮች ቤተ መቅደሶችን አሠራ። እሱ ሲሞት ሃይማኖቱ ተሻረ። በኋላ የነገሠው ሆሬምሄብ ሕንፃዎቹን አስፈርሶ ድንጋዮቹን በሁለተኛው፣ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ፓይሎን ውስጥ ቀበራቸው። ስሙ እንዲጠፋ የተደረገው ንጉሥ ሥራ ከፀሐይና ከነፋስ ተጠብቆ፣ ቀለሙን ሳይቀር እንደያዘ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ኖረ። በ1966 የተቋቋመ አንድ የጥናት ቡድን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ብሎኮችን ፎቶግራፍ አንስቶ በኮምፒውተር እገዛ ማዛመድ ጀመረ፤ ኮምፒውተር ለአርኪዮሎጂ ከዋለባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው። ከዘጠነኛው ፓይሎን የወጡ 283 ብሎኮች ተገጣጥመው አንድ ሙሉ ግድግዳ ሆነው በሉክሶር ሙዚየም ይታያሉ። ሰዎች ሲጋግሩ፣ ሲጠርጉ፣ ሲጭኑ የሚታዩበት ግድግዳ ነው።

ካርናክ ለምን አሥር ፓይሎን አስፈለገው?

አንድ ሰው አሥር አላቀደም። እያንዳንዱ ንጉሥ ከነበረው ፊት የራሱን በር እየጨመረ ሄደ። ስለዚህ በዋናው በር የሚገባ ጎብኚ በዘመን ወደ ኋላ ይጓዛል፤ ፊት ለፊት የሚያገኘው የመጨረሻውን ነው። ስድስቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይደረደራሉ፤ አራቱ ደግሞ ወደ ደቡብ ታጥፈው ሙት ወደተባለችው እንስት አምላክ ቤተ መቅደስና ወደ ሉክሶር በሚወስደው የበዓል መንገድ ላይ ናቸው። ስምንተኛው የሃትሼፕሱት፣ ሰባተኛው የሣልሳዊ ቱትሞስ ነው።

ቀለም ነበራቸው?

አዎን፣ ዛሬ የምናየው የአሸዋ መልክ የዘመን ብዛት ያመጣው ነው። ነጭ መደብ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ይቀቡ ነበር። ዝናብና ፀሐይ ባልደረሰባቸው የበር ጣሪያዎችና የክፈፍ ሥሮች፣ በተለይ መዲነት ሀቡ ላይ፣ ቀለሙ አሁንም አለ፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ይፈልጋል።

ኢትዮጵያ ወይም ኩሽ በእነዚህ በሮች ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው?

አላቸው፤ ግን በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ሣልሳዊ ቱትሞስ በካርናክ ፓይሎኖች ላይ ለሥልጣኑ ተገዙ ያላቸውን አገሮች ስም ሲያስቀርጽ ከደቡብ አገሮች መካከል ኩሽና ፑንት ይገኛሉ። ፑንት ዕጣንና የከበሩ ዕቃዎች የሚመጡባት አገር ነበረች። ብዙ ተመራማሪዎች በደቡባዊ ቀይ ባሕር አካባቢ፣ ዛሬ ምሥራቅ ሱዳን፣ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ በሚባለው ምድርና ከዚያም አልፎ በሶማሌ ጠረፍ ያኖሯታል። ስሟ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ መገዛቷን አያሳይም፤ ግብፅ ከእሷ ጋር የነበራት ግንኙነት በዋናነት ንግድ ነበር።

ኩሽ ግን ጊዜ ሲደርስ ራሷ ግብፅን ገዝታለች። ከሃያ አምስተኛው ሥርወ መንግሥት ነገሥታት አንዱ ታሃርቃ (690–664 ከክ.ል.በ.) በካርናክ የመጀመሪያ ግቢ ውስጥ ግዙፍ ዓምዶችን አቁሟል፤ አንዱ እስከ ዛሬ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ይህ ንጉሥ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ የተጠቀሰው ነው፤ እዚያ ኢትዮጵያ የተባለው በዛሬዋ ሱዳን የነበረው የኩሽ መንግሥት ነው።

ኩሻውያን ፓይሎንን ወደ አገራቸውም ወስደው የራሳቸው አደረጉት። በሱዳን በናቃ የሚገኘው የአንበሳው አምላክ የአፔደማክ ቤተ መቅደስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በአንዱ ግንብ ላይ ንጉሥ ናታካማኒ ጠላቶቹን ይመታል፤ በሌላው ግንብ ላይ ደግሞ በእኩል ቁመትና በእኩል ግርማ ንግሥት አማኒቶሬ ሰይፍ አንስታ ትመታለች። በግብፅ ፓይሎኖች ላይ እንዲህ ያለ እኩልነት አይታይም። ከኩሽ ንግሥቶች የማዕረግ ስም የመጣው ህንደኬ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ እናገኘዋለን። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን ያለው ጦርነት እነዚህን ቅርሶች ለከባድ ሥጋት አጋልጧል፤ የአካባቢያችን የጋራ ሀብት ናቸውና ሊያሳስበን ይገባል።

ክርስትና ሲገባ ምን ሆኑ?

በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየው በአስዋን አጠገብ በፊሌ ነው። በ394 የመጨረሻው የታወቀ የሂሮግሊፍ ጽሑፍ እዚያ ተቀረጸ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ዘመን፣ የኢሲስ አምልኮ ተዘግቶ የቤተ መቅደሱ አዳራሽ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በግድግዳው ላይ የተቀረጹት መስቀሎችና በመሮ የተገረዙት የአማልክት ምስሎች የዚያ ዘመን ናቸው። ከዚያም በበሩ መተላለፊያ የናፖሊዮን ወታደሮች በ1799 የዘመቻቸውን ዜና ቀረጹ። ግድቦች ደሴቱን በውሃ ሲያጥለቀልቁት ደግሞ ሕንፃዎቹ በዩኔስኮ አስተባባሪነት ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው ወደ አጊልኪያ ደሴት ተዛወሩ፤ ሥራው በ1980 ተጠናቀቀ።

ጊዜዬ አጭር ነው፤ የትኛውን ልይ?

ኤድፉን። በ237 ከክ.ል.በ. ተጀምሮ በ57 ከክ.ል.በ. ያለቀው የሆረስ ቤተ መቅደስ ከሁሉ በተሻለ ሁኔታ ተጠብቋል፤ ለብዙ ዘመን በአሸዋና በመንደር ቤቶች ተቀብሮ ስለነበር፣ ፈረንሳዊው የጥንት ቅርስ ተመራማሪ ኦጉስት ማሪየት በ1860ዎቹ ሲያስጠርገው ሙሉ ሆኖ ወጣ። ሉክሶር ውስጥ ሁለት ቀን ያለው ሰው መዲነት ሀቡን ይጨምር። እዚያ የመጀመሪያውን ፓይሎን ካለፉ በኋላ ወደ ውጭ ዞረው ጀርባውን ይመልከቱ፤ ሣልሳዊ ራምሴስ በሸምበቆ መካከል የዱር ኮርማዎችን ሲያድን ይታያል። የቆሰለው ኮርማ አወዳደቅ ላይ ያለው የቀራጩ ጥበብ ከፊት ካለው የጦርነት ምስል ሁሉ ይበልጣል።

ምስሎቹ ጥልቀት የሌላቸው በመሆናቸው እኩለ ቀን ላይ ይደበዝዛሉ። ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታቸው ይሂዱ።

ግብፅ መሄድ ካልቻልኩስ?

በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎች በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የደንዱርን ቤተ መቅደስ ማየት ይችላሉ። በሮማው አውግስጦስ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ የአስዋን ግድብ ቅርሶችን ከመስጠም ለማዳን ለተደረገው እርዳታ ምስጋና ይሆን ዘንድ ግብፅ በ1965 ለአሜሪካ ሰጥታዋለች፤ ከ1978 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከፊቱ የቆመው የድንጋይ በር ግራና ቀኙን ይዘውት የነበሩት የጭቃ ጡብ ግንቦች ጠፍተውበታል። በአውሮፓ ያሉ ደግሞ በማድሪድ ከተማ መናፈሻ ውስጥ የዴቦድን ቤተ መቅደስ ያገኛሉ፤ ከ1972 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሲሆን ሁለት የድንጋይ በሮች ከፊቱ በተርታ ቆመዋል። ግንቦቹ ባይኖሩም በተርታ መቆማቸው ከበር ወደ በር እያሳለፈ ወደ ውስጥ የሚወስደውን የጥንቱን አካሄድ በግልጽ ያሳያል።